ጉዳዩ፦ ተገልብጦ የተበየደው የጊታር ፒካፕ እንዲስተካከልልኝ ስለመጠየቅ

ጥር 19 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለኤሌክትሮኒክስና ሙዚቃ መሣሪያ ጥገና ቤቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ታኅሣሥ 20 ቀን የኤሌክትሪክ ጊታሬን ለጥገና ቤትዎ አስረክቤ፣ በአራት ቀን ይደርሳል የተባለውን ሥራ ጥር 8 ቀን ተረክቤያለሁ። ስለ መዘግየቱ ብዙ አልልም፤ በመካከሉ ገና ነበር፣ ጥምቀትም ደርሶ ነበር። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የተረከብኩት ጊታር ካስረከብኩት ብሶ ስለተገኘ፣ ለቅሬታዬ የተሰጠኝ መልስም ሊዋጥልኝ ስላልቻለ ነው።

ያዘዝኩት ሥራ በደረሰኙ ጀርባ ተጽፏል። ጊታሩ ሁለት ባለ ድርብ የሽቦ ጥቅል ፒካፖች፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ማግኔታማ ክፍሎች፣ አሉት፤ ሙዚቀኞች ሃምበከር የምንላቸው ናቸው። ሁለቱ ተራ ማዞሪያዎች ወጥተው ወደ ላይ ሲጎተቱ እንደ ማብሪያ የሚያገለግሉ እንዲገቡ ጠየቅሁ። አንደኛው ሲጎተት በድልድዩ (ክሮቹ በጊታሩ ገላ ላይ በሚያርፉበት) በኩል ካለው ፒካፕ አንዱን ጥቅል ዘግቶ ሌላውን ብቻ እንዲያሰማ፣ ሁለተኛው ደግሞ የአንገቱን ፒካፕ ጥቅሎች ከተከታታይ ወደ ጎን ለጎን አያያዝ እንዲለውጥ ነበር። ነገሩ ቅንጦት አይደለም። ጣና ዳር ባለ ሆቴል እንጫወታለን፤ በአንድ ምሽት ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ እንዘዋወራለን። ክራር የሚመስል ቀጭንና ጥርት ያለ ድምፅ የሚፈልግ ዘፈን አለ፤ ማሲንቆውን ተከትዬ ድምፁን ማወፈር ያለብኝም አለ። ለዚህ ሁለት ጊታር ተሸክሞ መድረክ መውጣት ለጀርባዬም ለጠባቡ መድረክም አይመችም።

ጥር 17 ቀን ሠርግ ነበረን። ሙሽሮቹ ሲገቡ የድልድዩን ፒካፕ ከፍቼ ስመታ የወጣው ድምፅ አፍንጫውን ይዞ እንደሚናገር ሰው ነበር። ወፍራሙ የታችኛው ድምፅ የለም፤ በምትኩ አምፕሊፋየሩ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ዞር ብሎ አየኝ። ግራ ገብቶኝ ማዞሪያውን ስጎትተው፣ ማለትም ከሁለቱ ጥቅሎች አንዱን ስዘጋው፣ ድምፁ ከፍ አለ፤ ወፈረም። ግማሹ ሲዘጋ የሚጨምር ፒካፕ ከዚያ ቀን በፊት አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጊታሩን ይዤ መጣሁ። ወጣቱ ባለሙያዎ መጀመሪያ «የከተማው መብራት ነው፤ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል» አለኝ። የባልደረባዬ ጊታር በዚያው ሶኬትና በዚያው አምፕሊፋየር ጸጥ ብሎ እንደሚሠራ ስነግረው «እንግዲያው የሐይቁ እርጥበት ይሆናል» አለ። ጣና በብዙ ነገር ይታማል፤ በዚህ ግን የለበትም። በመጨረሻ ቴስተር አምጥቶ የፒካፑን የኤሌክትሪክ መቋቋም ለካና 8 ኪሎ ኦም አሳየኝ፤ «ልኩ ትክክል ነው፣ ሽቦውም አልተበጠሰም» ብሎ አሰናበተኝ።

እውነቱን ነው፤ ሽቦው አልተበጠሰም። ነገር ግን ቴስተሩ በኦም ሲለካ የሽቦውን ልክ እንጂ አቅጣጫውን አይናገርም። ሁለት ሰዎች አንድን በር አንዱ ከውስጥ ሌላው ከውጭ ቢገፉት ጉልበታቸው ሲደመር ያው ነው፤ በሩ ግን አይከፈትም። ሃምበከርን የጊታር ሠሪው የጊብሰን መሐንዲስ የነበረው ሴዝ ላቨር በ1955 እ.ኤ.አ. የሠራው ከመብራት የሚመጣውን ጉምጉምታ ለመግደል ነው፤ እኛ ዘንድ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገበው ማለት ነው። የሁለቱ ጥቅሎች ማግኔት ዋልታም የሽቦ አያያዝም ተቃራኒ ስለሚሆን፣ የክሩ ድምፅ ሲደመር ጉምጉምታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ከሁለቱ ተቃራኒዎች አንዱ ብቻ ሲገለበጥ ግን ጉምጉምታው ተደምሮ የክሩ ድምፅ ይጠፋፋል። የእኔ ፒካፕ ሌባውን አስገብቶ ባለቤቱን የሚያስወጣ ዘበኛ ሆኗል።

ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረም ደርሼበታለሁ። ትናንት ማታ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የሚማረው የእህቴ ልጅ ባለ መርፌ ቴስተር ይዞ መጣ። ጊታሩን ከኋላ ከፈትነው፤ ብየዳውን ግን አልነካንም። ጠመንጃ መፍቻ በአንዱ ጥቅል ላይ አስነክቶ ሲያነሣው መርፌው ወደ ቀኝ ዘለለ፤ በሌላው ጥቅል ላይ ሲደግመው ወደ ግራ። በትክክል ቢያያዝ ኖሮ ሁለቱም ጊዜ ወደ አንድ ጎን ነበር የሚዘለው። የአንገቱ ፒካፕ የሲሞር ደንከን ኩባንያ ሥራ ነው፤ በእርሱ ጥቁሩ ሽቦ ወደ ማብሪያው ይሄዳል፣ ቀዩና ነጩ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ አረንጓዴው ከተራቆተው ሽቦ ጋር ወደ መሬት (ግራውንድ) ይገባል። የድልድዩ ግን የዲማርዚዮ ነው። በእርሱ ወደ ማብሪያው የሚሄደው ቀዩ ነው፤ እርስ በርስ የሚያያዙት ጥቁሩና ነጩ ናቸው። ቀለሞቹ ያው ናቸው፤ ትርጉማቸው ግን እንደ ሠሪው ይለያያል። ባለሙያዎ ሁለቱንም በደንከን ሥርዓት በይዷቸዋል።

ይህን የሚያሳይ ወረቀት ከፒካፑ ጋር የመጣ ስለነበር በጊታሩ ሻንጣ ኪስ አስቀምጬ፣ ሳስረክብ በቃልም ተናግሬ ነበር። ወረቀቱ ባጠፍኩት እጥፋት እንዳለ ተመልሶልኛል። ከሁሉ ይበልጥ ያናደደኝ ይኸው ነው። ብየዳው ራሱ ንጹሕ ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። እጁ ጎበዝ ነው፤ ቢያነብ ኖሮ ሥራው የሚመሰገን ነበር።

ሌላም ትንሽ ነገር አለ። ከእኔ የተቀበላችሁት ሁለት ባለ 500 ኪሎ ኦም ማዞሪያዎች ነበሩ። አሁን ጊታሩ ውስጥ ካሉት አንዱ 250 ነው፤ ጀርባው ላይ ተጽፎበታል። ባለ 250 ማዞሪያ ለሃምበከር የድምፁን ጥራት ያደበዝዛል። በስህተት ከሌላ ደንበኛ ዕቃ ጋር ተቀያይሮ እንደሆነ አምናለሁ፤ ያ ሰውም ምናልባት ይህን ጊዜ የራሱን እየፈለገ ይሆናል።

የምጠይቀው ቀላል ነው። በድልድዩ ፒካፕ ላይ ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ቦታ ይቀያየሩ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም። ራሴ ያላደረግሁት ደረሰኛችሁ ሌላ እጅ የገባበት ዕቃ የአንድ ወር ዋስትናውን ያጣል ስለሚል ነው። ባለ 500ው ማዞሪያ ይመለስልኝ፤ ከጊታሩ የወጡት አሮጌዎቹም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ እኔው ፊት ይሁን። ይህን ማድረግ ካልፈለጋችሁ የከፈልኩት 900 ብር ይመለስልኝና ወደ ሌላ ቤት እወስደዋለሁ።

ሐሙስ አስተርእዮ ማርያም ስለሆነ ነገ ረቡዕ ከሰዓት ወይም ዓርብ ጠዋት መምጣት እችላለሁ፤ ዓርብ ማታ ሥራ አለኝ። የአንገቱ ፒካፕ ግን ትክክል ስለሆነ ማንም እንዳይነካው አደራ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛዎ