ለእማዬ፦ ትንፋሽሽ ደህና ሳለ እንነጋገር

ይድረስ ለእናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ሳሉስ ቀለል አለልሽ?

ሳንባሽ ወደ ቀድሞው እንደማይመለስ ሐኪሙ ነግሮሻል። የስንት ዓመት የማገዶና የኩበት ጭስ የአየር ቧንቧዎችሽን አጥብቧቸዋል፤ አየሩ ይገባና መውጫ ያጣል፤ ደረትሽ የሚወጠረው ለዚህ ነው። «አይድንም» ማለት ግን «ምንም አይደረግለትም» ማለት አይደለም። የትንፋሽ ማጠርን ማቅለል ራሱን የቻለ ሕክምና ነው፤ ማስታገሻ ሕክምና ይባላል። ለመጨረሻዋ ቀን የሚቆይ ሳይሆን ከሌላው መድኃኒትሽ ጋር አሁኑኑ የሚጀመር ነው።

ትንፋሽ ሲያጥርሽ ጋደም አትበዪ። ቁጭ ብለሽ ወደ ፊት ዘንበል በዪ፣ ክርንሽን ጉልበትሽ ላይ አሳርፊ፣ ትከሻሽን ልቀቂው። በአፍንጫሽ ስበሽ፣ ልታፏጪ እንደሆነ ከንፈርሽን ሰብሰብ አድርገሽ ቀስ እያልሽ አውጪው፤ ማውጣቱ የመሳቡን እጥፍ ይርዘም። ውስጥ የታጎረው ካልወጣ አዲሱ የሚገባበት ቦታ የለም። አጠገብሽ ያለ ሰው ጉንጭሽንና አፍንጫሽን ያራግብልሽ፤ ፊት ላይ የሚነካ ነፋስ የመታፈን ስሜቱን ያቀልላል። ዙሪያሽን ከበው «አይዞሽ! አይዞሽ!» የሚሉት ግን አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ይውጡልሽ፤ ድንጋጤ ትንፋሽን ያፈጥናል፣ የፈጠነ ትንፋሽ ደግሞ አየሩን ይበልጥ ያጉራል።

ይህ ሁሉ አልበቃ ሲል ሐኪሙ ሞርፊን የሚባለውን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ፣ በአፍ የሚወሰደውን፣ በትንሽ መጠን ሊያዝልሽ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ 2.5 ሚሊግራም አካባቢ ይጀመራል። ሁሉንም ሰው እኩል አይረዳም። «ሱስ ያስይዛል፣ ቶሎ ይገድላል» የሚለው ወሬ ግን አያስፈራሽ፤ በሐኪም ክትትል በትንሹ ሲሰጥ እንደዚያ አይደለም። ሆድ ግን ያደርቃል፤ ስለዚህ ማለስለሻው በዚያው ቀን ይታዘዝ። ከልክ ያለፈ እንቅልፍ ወይም መቀባዠር ከመጣ ቀጣዩን ሳትወስጂ ለሐኪሙ ይነገረው።

ኦክስጅን የሚጠቅመው በደም ውስጥ ያለው መጠን ሲወርድ ነው። እንዳንቺ ላለ ሕመም ከ88 እስከ 92 በመቶ ይበቃል። ቤተሰብ አዝኖ ቁልፉን ከፍ ሲያደርገው ሳንባ ማስወጣት ያለበት የተቃጠለ አየር (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) በደም ውስጥ ይከማችና ራስ ምታትና ድብታ ያመጣል። ኦክስጅን ባለበት ክፍል ጧፍም ሆነ የከሰል ምድጃ አይግባ፤ እሳት ይነሣል። ዕጣኑም ይቅር፣ ጭሱ ብቻውን ሳሉን ይቀሰቅሰዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ይህ ሕመም እየተነሣ እየተኛ ነው የሚሄደው፤ የትኛው ክፉ ቀን የመጨረሻው እንደሆነ ሐኪምም አስቀድሞ አያውቅም። ያ ቀን ሲመጣ አንቺ መናገር ያቅትሻል፤ ሐኪሞቹም እኛን ይጠይቃሉ። «ክፉ አታውሩ» ተባብለን ዝም ካልን ያንቺን ፈቃድ በግምት እንመልሳለን። እንዲያ እንዲሆን አልፈልግም።

ስለዚህ አስቢልኝ። በጭምብል ትንፋሽ የሚያግዝ መሣሪያ አለ፤ ብዙ ሰው በእሱ አገግሞ ቤቱ ይገባል። ሌላው በጉሮሮ ቱቦ አስገብቶ በማሽን ማስተንፈስ ነው፤ የደከመ ሳንባ ያለው ሰው ከማሽኑ መላቀቅ ሊከብደው ይችላል። የመጀመሪያውን ተቀብለሽ ሁለተኛውን እምቢ ማለት ትችያለሽ። ቱቦውን እምቢ ብትዪም ማስታገሻው፣ ማራገቡ፣ አጠገብሽ መሆናችን አይቋረጥም። በአንቺ ፈንታ ማን ይናገር? ሐኪም ቤት ትሁኚ ወይስ ቤትሽ? የነፍስ አባትሽስ መቼ ይጠሩ? እኔ በበኩሌ አፍሽ ሳይያዝ፣ ረጋ ብለሽ መናዘዝ በምትችዪበት ሰዓት ቢመጡ እላለሁ። የጾሙንም ነገር ንገሪያቸው፤ ክብደትሽ እየቀነሰ ነው፣ ጥቂት ጥቂት እየደጋገምሽ መብላት አለብሽ።

የምትዪውን በአንድ ወረቀት እጽፈዋለሁ፣ ከሐኪም ቤት ካርድሽ ጋር ይቀመጣል። ሐሳብሽን ከቀየርሽ ወረቀቱም ይቀየራል። እሑድ ስደውል ከቱቦው ጥያቄ እንጀምር፤ ሳሉ ካላስወራሽ «አዎ» ወይም «አይሆንም» ብቻ በዪኝ፣ የቀረውን ሌላ ቀን እናደርሰዋለን።

ልጅሽ