ኖርዝሃምፕተንን ያሰመጣት ሰርጓጅ መርከብ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጃፓን ዲስትሮየሮች፣ ማለትም ስለ ፈጣኖቹ ትናንሽ የጦር መርከቦች፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንባቢው አይቶታልና አልደግመውም። ፎቶው ያምራል፣ ርዕሱም ያምራል። ጉዱ ያለው መሐል ላይ ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ ጓዳልካናል ደሴት አጠገብ በተደረገው የታሳፋሮንጋ ውጊያ የአሜሪካኗን ክሩዘር (ከዲስትሮየር የምትበልጥ የጦር መርከብ) ኖርዝሃምፕተንን ያሰመጣት ያደፈጠ ሰርጓጅ መርከብ ነው ብላችኋል።

እንኳን ደስ አላችሁ! ያን ሌሊት የተሸነፈው የአሜሪካኖቹ አዛዥ አድሚራል ራይትም ከውጊያው በኋላ የጠረጠረው ይህንኑ ነበር። እሱስ ይሁን፣ ጭሱ ገና አልጠራለትም። እናንተ ምን ነካችሁ?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 1942 ሌሊት የጃፓኑ አድሚራል ታናካ ስምንት ዲስትሮየሮች ይዞ ወደ ጓዳልካናል መጣ። ውጊያ ፍለጋ አልነበረም፣ ለተራቡ ወታደሮች ቀለብ ሊያደርስ ነው። ስድስቱ መርከቦች በርሜል ስለጫኑ ትርፍ ቶርፔዶዎቻቸውን (በውኃ ውስጥ በሞተር እየሄዱ መርከብ የሚመቱ ፈንጂዎች) ትተው ነበር የወጡት። አሜሪካኖቹ አምስት ክሩዘርና ስድስት ዲስትሮየር አሰልፈዋል፤ በራዳርም ቀድመው አይተዋቸዋል። ግን አብዛኛውን የመድፍ እሳት ታካናሚ በምትባል አንዲት መርከብ ላይ አወረዱት። የቀሩት ጃፓኖች የመድፉን ብልጭታ እያዩ ቶርፔዷቸውን ለቀቁና ዞረው ሄዱ። አራት ክሩዘሮች ተመቱ። የኒው ኦርሊንስ የፊት ክፍል ተገንጥሎ ቀረ፣ ኖርዝሃምፕተን ሰመጠች።

ራይት ቶርፔዶው ከዲስትሮየሮቹ መጣ ብሎ ለማመን የተቸገረው በራሱ መሣሪያ ስለለካው ነው። የአሜሪካ ዲስትሮየሮች ቶርፔዶ በከፍተኛ ፍጥነቱ የሚሄደው 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የጃፓኑ ዓይነት 93 ግን 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ 490 ኪሎ ፈንጂ ተሸክሞ። ምስጢሩ ንጹሕ ኦክስጅን ነው። ተራ አየር አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። አይነድም፣ ውኃው ላይ አረፋ እየተወ ያሳብቃል እንጂ። ኦክስጅን በበኩሉ ሲነሳ የመፈንዳት አመል ስላለው፣ ሞተሩን በተራ አየር አስነስተው ቀስ በቀስ ወደ ኦክስጅን ያሸጋግሩት ነበር። ይህን ያሰበው መሐንዲስና በጨለማ የተከታተለው መካኒክ በጽሑፋችሁ ውስጥ አንድ መስመር አላገኙም። አድሚራሎቹ ግን ከነማዕረጋቸው ተደርድረዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ይቆጨኛል። እኔም ምጽዋ ላይ በጥበቃ ጀልባ ሞተር ክፍል ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ኋላ ሥራ ፍለጋ ስሄድ አንዱ ኃላፊ ወረቀቴን አይቶ «ባሕር በሌለበት የባሕር ኃይል?» ብሎ ሳቀብኝና ዕቃ ግምጃ ቤት ወረወረኝ። ከታች ዘይት የጠጣ ሰው ሲረሳ ዝም ማለት አልችልም።

ደግሞ የጃፓን አወዳሽ አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩኝ። ያን ሌሊት ታካናሚ ሰምጣለች፣ ቀለቡም ለተራቡት አልደረሰም። ዲስትሮየሮቹን በሠሩት ጊዜም በትናንሽ መርከቦች ላይ መድፉንና ቶርፔዶውን ከልክ በላይ ቆልለውባቸው እ.ኤ.አ. በ1935 ማዕበል ሲመጣ የሁለት ዲስትሮየሮች የፊት ክፍል ተሰብሮ ሄዷል። ከዚያ ወዲያ ብዙዎቹን መጠገንና ማጠናከር ግድ ሆነ።

ሰርጓጅ ካማራችሁ ግን አለላችሁ። እ.ኤ.አ. ጁን 1944 ላይ ሃርደር የምትባል አሜሪካዊት ሰርጓጅ በአራት ቀን ውስጥ ሦስት የጃፓን ዲስትሮየሮችን አሰመጠች። ሰርጓጅ ያድናሉ የተባሉት ራሳቸው ታደኑ! ጃፓኖች ለሌሊት የቶርፔዶ ውጊያ ሲጨነቁ የሰርጓጅ አደኑን ችላ ማለታቸው ያስከፈላቸውን ዋጋ መጻፍ ትችሉ ነበር። እናንተ ግን ሰርጓጁን ለጃፓን ሰጥታችሁ አረፋችሁ።

ባለፈው ስለ ሌላ መርከብ ስጽፍላችሁ «እናመሰግናለን» ብላችሁ ስሕተቱን እንዳለ ተዋችሁት። አሁን ምስጋናው ይቅርብኝ። ማስተካከያውን ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ አውጡልኝ፣ ከሐራጅ ማስታወቂያ ሥር እንዳትወሽቁት።

የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ፣ አዲስ አበባ