ግጥሙስ የት ይግባ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሃያ ደቂቃ በሚዘልቁ የፕሮግረሲቭ ሮክ (ረጅምና ውስብስብ ቅንብር ያለው የሮክ ስልት) ዘፈኖች ውስጥ ግጥሙ ማጣፈጫ ብቻ ነው የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩ። ግማሹን እቀበላለሁ።

የፒንክ ፍሎይድ ባንድን «ኤኮስ» ውሰዱ። በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 23 ደቂቃ የሚያልፍ ሥራ ነው። ዘፋኞቹ አፋቸውን የሚከፍቱት ሦስት ደቂቃ ገደማ ካስጠበቁን በኋላ ነው። ግጥሙም ጥቂት ስንኝ ናት። እዚህ ላይ ጸሐፊው አልተሳሳቱም።

የረሽ ባንድ «2112» ግን ሌላ ነው። ይሄ የ1976ቱ ሥራ ታሪክ ይተርካል። ካህናት በሚገዙት ዓለም አንድ ሰው ጊታር ያገኛል። መጫወት አይችልም፤ ክሩን ይቃኛል፣ ይነካካል፣ ቀስ በቀስ እጁ ይፈታል። ጊታሩ ያን ሁሉ ያሰማናል። ግጥሙን አውጡትና ያ መንተባተብ የስቱዲዮ ስህተት ይመስላችኋል!

እኔ ራሴ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ልጅ ሆኜ እዚሁ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ በሚውልበት ክረምት፣ ከታላቅ ወንድሜ ካሴት ሰማሁት። እንግሊዝኛው አይገባኝም። ካሴቱ የተበላሸ መስሎኝ በእስክሪብቶ ወደፊት አጠነጠንኩት። ወንድሜ ደርሶ በኩርኩም አለኝ፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ታሪኩን ተረጎመልኝ።

ለነገሩ እኛ ወሎዬዎች አምባሰልን በማሲንቆ ብቻ ስንሰማም ሆዳችን ይባባል። ግን አዝማሪው ፊት ቆሞ «ተቀበል!» ሳይል የሚቀር ማን ነው?

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ ፒያሳ