ለአባቴ፦ ስለ ማሙሽና ስለ እሑድ እንግዶቻችን

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ባለቤቴና የልጅ ልጅዎ ማሙሽ ከእርስዎና ከእናቴ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስገርምዎት አይቀርም። ባለፈው ስንነጋገር ጆሮዎ ይበልጥ እንደደከመ ገብቶኛል፤ የምናገረውን ግማሹን ሳይሰሙ «እሺ፣ እሺ» ይሉኝ ነበር። ቀሪውን እናቴ ታስተላልፍልኛለች ብዬ እንዳልተማመን፣ እሷ የግማሽ ሰዓት ወሬ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅልላ የማቀበል ልማድ እንዳላት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ዓይንዎ ግን እስከ ዛሬ ጋዜጣ ያነባል። ዕድሜዎን በሙሉ በአስተማሪነት ያሳለፉ ሰው ስለሆኑ ደብዳቤዬን በቀይ እስክሪብቶ አርመው እንዳይመልሱልኝ እንጂ፣ በጽሑፍ መነጋገሩ ለሁለታችንም የሚሻል ይመስለኛል።

ስልኩን ከመዝጋትዎ በፊት የተናገሩት ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። «ልጅ የያዘች ሴት ወር በገባ ቁጥር ቤቷን የጓደኛ መሰብሰቢያ ማድረጉ ምን ይጠቅማታል? ልጅሽን ይዘሽ ዕረፊ» ነበር ያሉኝ። ለእኔ ድካም አዝነው እንደተናገሩት አውቃለሁ። ያን ጊዜ መልስ ያልሰጠሁት፣ እንዲሰሙኝ ብዬ ጮኼ ብናገር ንግግሬ ቁጣ እንዳይመስልብኝ ሰግቼ ነው። በወረቀት ላይ ግን መጮኽ ስለማያስፈልግ አሁን ልመልስልዎት።

አባቴ፣ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ አራተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃ ወጥተው የሚመጡት ሰዎች እርስዎ የማያውቋቸው የአዲስ አበባ ሰዎች አይደሉም። አንዱ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነው፤ አንዷ የሻምበሉ ልጅ ናት፤ ሌላው የፎቶ ቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። ፊደል ሳንቆጥር ጀምሮ አብረን ያደግን፣ ኋላም ደሴ ከወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ስንለቀቅ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጭጋግ ከተማውን ሳይሸፍነው እየተሯሯጥን እቤትዎ የምንገባ፣ እናቴ ከምጣድ ያወጣችውን አምባሻ ሳይቀዘቅዝ የምንጨርስ ልጆች ነን። እርስዎም የቤት ሥራችንን ተራ በተራ ሲያዩ የእኔን ከእነሱ ለይተው አያውቁም ነበር፤ እንዲያውም የፎቶ ቤቱ ልጅ ሒሳብ ሲሳሳት የሚደርስበት ቁጣ እኔ ላይ ከሚደርሰው ይብስ እንደነበር እሱ እስከ ዛሬ ያነሣዋል።

ማሙሽ የተወለደ ጊዜ እናቴ መጥታ ገንፎውንና አጥሚቱን እያዘጋጀች እስከ ክርስትናው ድረስ ተንከባከበችኝ። በ40 ቀኑ ክርስትና ዕለት የወፍጮ ቤቱ ልጅ ሙስሊም በመሆኑ የክርስትና አባት መሆን ባይችልም፣ በኮንዶሚኒየሙ ግቢ ድንኳኑን ያስተከለው፣ ወንበሩን በመኪናው ያመላለሰው፣ ማታም የተከራየነውን ዕቃ ቆጥሮ ያስረከበው እሱ እንደነበር እናቴ ነግራዎት ይሆናል፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ካልሆነ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አልሰሙም። እናቴ ወደ ደሴ ተመለሰች። ባለቤቴ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው የአባትነት ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ልጁን በቅጡ ሳይታቀፍ ነው ወደ ሥራው የተመለሰው። እኔም ከወሊድ በኋላ የሚሰጠኝ 90 ቀን ሲያልቅ፣ መሥሪያ ቤቴ የሕፃናት ማቆያ ስለሌለው ልጄን ለሞግዚት ትቼ ወጣሁ። ሞግዚቷ በበዓል ሰሞን ቤተሰቦቼን ልጠይቅ ብላ እንደሄደች በዚያው ቀረች።

ያን ሰሞን ቤቴን ያቆመልኝ የፎቶ ቤቱ ልጅ ነው። እሱም እንደ እርስዎ አስተማሪ ሆኗል፤ በወቅቱ የሚያስተምረው በከሰዓቱ ፈረቃ ስለነበር ጠዋት በ2 ሰዓት እየመጣ ማሙሽን ይረከበኝ ነበር። አንድ ቀን የረሳሁትን ወረቀት ልወስድ ተመልሼ በሩን ብከፍት፣ በአንድ ጉልበቱ ላይ ማሙሽን አስተኝቶ፣ በሌላው ላይ የተማሪዎቹን ፈተና ዘርግቶ ያርማል፤ የልጁ ጡጦ እንዳይወድቅ በአገጩ ይዞታል። እንዳልናገር በዓይኑ ጠቀሰኝ። ወንድ ልጅ ሕፃን ሊጠብቅ ብሎ ጎረቤት እንደሳቀበት ኋላ ሰምቻለሁ፤ እሱ ግን ሌላ ሞግዚት እስክናገኝ ድረስ አንድም ጠዋት አልቀረም።

የሻምበሉ ልጅ ነርስ መሆኗን ያውቃሉ። የማሙሽን የክትባት ካርድ ከእኔ ይልቅ እሷ በቃሏ ትይዘው ነበር፤ 6ኛው፣ 10ኛውና 14ኛው ሳምንት ሲደርስ፣ ኋላም በ9ኛውና በ15ኛው ወር የኩፍኙ ጊዜ ሲሆን ከዋዜማው ጀምራ ትደውላለች። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ማሙሽን ኃይለኛ ትኩሳት ያዘው። መብራት ጠፍቷል፤ ዝናቡም አያባራም። እኔ በድንጋጤ በጋቢ ጠቅልዬ ታቅፌው ነበር። እሷ በስልክ መጀመሪያ ያዘዘችኝ ጋቢውን እንዳወልቅለት ነው፤ ቀጥላም ክብደቱን ጠይቃ ምን ያህል የፓራሲታሞል ሽሮፕ እንደምሰጠው ነገረችኝ፤ ውሃ ደጋግሜ እንዳጠጣውና አተነፋፈሱን ተመልክቼ እንድነግራት አደረገች። ፍጥነቱን በስልኩ መብራት እያየሁ ስቆጥርላት ዝም ብላ አዳመጠችና «ይምጣ» አለች። በስልክ የሚጠራ ታክሲ በዚያ ሰዓትና በዚያ ዝናብ አልተገኘም። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በመኪናው ደረሰልን፤ ማሙሽን ተሸክሞ ደረጃውን የወረደው እሱ ነው፣ የእኔ ጉልበት ከድቶኝ ነበር። የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ፤ በጊዜ በመድረሳችን በመድኃኒት ዳነ። ይህን እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎት እንዳይጨነቁ ብዬ ነው፤ እባክዎ አሁን አልፏልና አይጨነቁ።

እሑዱ ራሱ ምን እንደሚመስል ደግሞ ልንገርዎት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣልን መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ውሃ አለ ወይ?» የሚለው ነው፤ ከሌለ እያንዳንዱ አንድ አንድ ጄሪካን ይዞ ይወጣል። ምግቡን እንደ ደሴው ልማድ አድርገነዋል፦ የወፍጮ ቤቱ ልጅና ባለቤቱ እኛ ያረድነውን ስለማይበሉ፣ እኛም እነሱ ያረዱትን ስለማንበላ፣ በዓል ካልሆነ በቀር ሽሮውና ምስሩ ሁላችንንም በአንድ ትሪ ያቀርበናል። በረመዳን ስብሰባው ወደ እነሱ ቤት ይዛወርና የማፍጠሪያው ሰዓት ይጠበቃል። ማሙሽ ከዚያ የተማረው ነገር ቢኖር፣ አዛን በሰማ ቁጥር፣ በማንኛውም ወር ቢሆን፣ እጁን ዘርግቶ ተምር መጠየቅ ነው። ዋናው ሥራው ግን ጫማ ነው። እንግዶች በር ላይ ያወለቁትን ጫማ ሁሉ ሰብስቦ በኮሪደሩ በሰልፍ ይደረድራል፤ የሻምበሉን ልጅ ተረከዝ ያለው ጫማ ሁልጊዜ ከፎቶ ቤቱ ልጅ ሸራ ጫማ ጋር ያጣምረዋል። ሁለቱ ይህን አይተው ምን እንደሚያስቡ አላውቅም፤ እናቴ ግን በዚህ ጉዳይ የራሷ ግምት ስላላት እባክዎ ይህችን መስመር አያንብቡላት።

ጅዳ ያለችው የልብስ ሰፊው ልጅም በኢሞ ትገባለች፤ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈን ገበታው ዳር እናስቀምጣታለን። ለማሙሽ የምትልከው ልብስ ሁሉ ይሰፋዋል፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ሆና ልክ አለማወቋ ያስገርማል እያልን እንስቅባታለን። እሷ የምታስበው እስኪደርስ ድረስ ያድጋል ብላ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ቃልዎ ትክክል ነው። እንግዶቹ ከረሜላ ያበዙበት ነበር፤ ስብሰባውም እስከ ምሽት ስለሚቆይ ማሙሽ ሰኞ ጠዋት ወደ መዋዕለ ሕፃናት ሲሄድ እየተነጫነጨ ነበር። ባለቤቴም ምንም ባይናገር፣ ደሴ ያላደገ ሰው የሁላችንንም የልጅነት ቀልድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በየወሩ መስማት እንደሚያደክመው ይታየኝ ነበር። ስለዚህ አሁን ሰዓቱን ወስነናል፤ 11 ሰዓት ላይ ቡናው በረካ ሳይደርስ እንኳ ቢሆን ይበተናል። በዚህ ባለቤቴም፣ ማሙሽም፣ እኔም ዐርፈናል። መሰብሰቡን ግን እንድተወው አይጠይቁኝ።

ደፍሬ አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ እኔ ጓደኞች የተናገሩት ቃል ከእኔ ቤት ይልቅ ከራስዎ በረንዳ የመጣ ይመስለኛል። በልጅነቴ ማታ ማታ በረንዳችን ላይ ዳማ ሲጫወቱ የነበሩትን ሰዎች አልረሳሁም። ደመወዝ በዘገየ ዓመት የእኔን ዩኒፎርም ማን እንዳሰፋልኝ፣ እናቴ ታማ ሆስፒታል ስትገባ እኛን ማን እያበላ እንዳሳደረን አውቃለሁ፤ እነዚያው የዳማ ተጫዋቾች ናቸው። አብሮ አደግ ወዳጅዎ ካረፉ ወዲህ ገበታው ተጠቅልሎ አልጋ ሥር እንደገባ፣ እርስዎም ከቤተ ክርስቲያን በቀር እንደማይወጡ እናቴ ነግራኛለች። ይህንንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው የነገረችኝ፤ ግን ለአንድ ሳምንት እንቅልፍ ነሥቶኛል። የወፍጮ ቤቱ አባት፣ ሐጂ፣ በሕይወት አሉ፤ ጉልበታቸው ስለደከመ ዳገቱን ወጥተው ወደ እርስዎ መምጣት ባይችሉም ልጃቸው በደወለ ቁጥር «መምህሩ እንዴት ናቸው?» ብለው ይጠይቁታል። ቁልቁለቱ ለእርስዎ ይቀልዎታል፤ መመለሻውን ባጃጅ ያድርሰዎት። ሐጂ በዳማ እርስዎን አሸንፈው እንደማያውቁ ለልጃቸው አምነዋል፤ አሁን የሚያሸንፋቸው ሰው ማጣታቸው ደግሞ ይበልጥ ያስከፋቸው ይመስላል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ፤ ልመናው የእኔ ብቻ ሳይሆን የእሑዱ ጉባኤ በሙሉ ነው። እኛ አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን እያየን፣ የእርስዎን ተረት በእሳት ዳር እየሰማን አደግን። ማሙሽ ስልክ ላይ ከሚያየው ካርቱን እንዲላቀቅ ብለን በየእሑዱ አንዳችን ተረት እንድንነግረው ተስማምተናል። ባለፈው የፎቶ ቤቱ ልጅ ተራ ነበርና «ተረት ተረት» ሲል ማሙሽ «የላም በረት» ብሎ ተቀበለው። የተረከለት አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው ኃጢአታቸውን የተናዘዙበትን ነው። ሳር በላሁ ያለችው አህያ ጥፋተኛ ተብላ ስትበላ ማሙሽ ዕንባውን አፈሰሰው። የሻምበሉ ልጅ ተቆጥታ «መምህር ሲነግሩን አህያዋ በእርግጫ መትታ አመለጠች» አለች፤ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ደግሞ አመለጠችም አልተበላችም፣ ፍርዱ ገና አልተሰጠም ብለው ለነገ ያሳደሩብን ነው ይላል። እኔ ሁሉንም ትዝ ይለኛል፤ ምናልባት እንደ ማታው እያዩ ይቀያይሩት ነበር። ክርክሩ እስከ 11 ሰዓት አላለቀም፤ ማሙሽም ሳምንቱን ሙሉ «አህያዋስ?» እያለ ይጠይቀኛል።

ስለዚህ እባክዎ ተረቱን እርስዎ በሚያውቁት መንገድ በእጅዎ ጽፈው ይላኩልን። የወፍጮ ቤቱ ልጅ በኅዳር መጀመሪያ አባቱን ሊጠይቅ ደሴ ይመጣል፤ ጽሑፉን ሐጂ ቤት ሄደው ቢሰጡት ደስ ይለዋል፣ የዳማውንም ገበታ ይዘው ቢሄዱ ሐጂ እምቢ አይሉም። ለእናቴ ሻሽ፣ ለእርስዎ ደግሞ አዲስ የንባብ መነጽር በእሱ እልካለሁ፤ የድሮው መነጽር ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ከእናቴ ዘንድ ካለ አስቀድመው ያስደውሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ