ሐኪሙ ተቀጠረ፤ ቤተሰቡስ?

ክቡር አዘጋጅ፣

አሜሪካ ስላሉ ሐኪሞቻችን ባወጣችሁት ጽሑፍ ቤተሰባቸው ተረስቷል።

ለሥልጠና በሚሰጠው በጄ-1 ቪዛ ስፔሻሊቲውን የጨረሰ ሐኪም ሁለት ዓመት አገሩ ተመልሶ መቆየት አለበት። ከዚህ ግዴታ ነጻ የሚወጣበት አንዱ መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ያለው «ኮንራድ 30» ነው፦ ሐኪም በጠፋበት አካባቢ ሦስት ዓመት ማገልገል። አንድ ግዛት በዓመት ያለው 30 ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ መኖሪያ አይመረጥም፤ ክፍት ቦታ ወዳለበት መሄድ ነው።

የእኛ ዕጣ ሰሜን ዳኮታ ሆነ። ባለቤቴን ሥራውና ባልደረቦቹ ጠበቁት። እኔ ግን ሜሪላንድ ሳለን በጄ-2፣ ማለትም ለጄ-1 ቤተሰብ በሚሰጠው ቪዛ፣ የሥራ ፈቃድ አውጥቼ ፋርማሲ እሠራ ነበር፤ የእሱ ወደ ሥራ ቪዛ፣ የእኔም ለሠራተኛው ቤተሰብ ወደሚሰጠው ኤች-4 ሲቀየር ፈቃዱ ቀርቶ ቤት ዋልኩ። ጤፍስ አልቸገረንም፣ አይዳሆ ይበቅላል፣ በፖስታ ይመጣል። (ምጣዱን ግን ታቅፌ ነው ያመጣሁት።) የቸገረኝ ሰው ነው። ለጥምቀት ሚኒያፖሊስ ለመድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በበረዶ መንዳት ይጠይቃል።

የአካባቢው ሰው ደግ ነው፤ ጎረቤታችን ሳንጠይቀው የደጃችንን በረዶ ይጠርግልናል። ቅር ያለኝ በቀጣሪው ነው። የዕቃ ማጓጓዣ ከፍሎ ሲያበቃ፣ «ሚስትህስ ምን ትሠራለች?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ውል ልትፈርሙ የተዘጋጃችሁ ሐኪሞች፣ ከደመወዙ በፊት ቀጣሪው የግሪን ካርዱን ሂደት መቼ እንደሚጀምር ጠይቁ፤ በጽሑፍም ይስፈር። ቀጣሪው ለግሪን ካርዱ የሚያስገባው ማመልከቻ ሲጸድቅ ነው በኤች-4 ያለች ባለቤታችሁ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ የምትችለው።

አንዲት አንባቢ፣
ከቢስማርክ