ፖሊስ የተጠቀመው ኃይል በወጉ ይመዝገብ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ በዓመት ስንት ሰው ላይ ኃይል ይጠቀማል? መንግሥት ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። አገሪቱ 18,000 ገደማ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች አሏት፤ አመዘጋገባቸው ለየቅል ነው። ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ መዝገብ ከፍቷል። ግን መረጃ መላክ በውዴታ ነው። የፈለገ ይልካል፣ ያልፈለገ ጭጭ።

የሚመዘገበውም ሞት፣ ከባድ የአካል ጉዳትና ወደ ሰው የተተኮሰ ጥይት ብቻ ነው። ሽጉጥ ግንባርህ ላይ ተደግኖ ሳይተኮስ ቢቀር እዚያ መዝገብ ላይ የለህም። ኒው ጀርሲ ግን ይህንንም ትመዘግባለች። ፖሊሱ በ24 ሰዓት ውስጥ ሪፖርት ማድረግ አለበት፤ መረጃውንም ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ማየት ይችላል። ስለዚህ አይቻልም የሚለው ሰበብ አያስኬድም።

እርግጥ ቅጹን የሚሞላው ራሱ ፖሊሱ ነው፤ የኔ ስጋትም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ሲሞት የሚኒያፖሊስ ፖሊስ የመጀመሪያ መግለጫ የጤና እክል እንዳጋጠመው ነበር ያወራው። አንገቱ ላይ ስላረፈው የፖሊስ ጉልበት ትንፍሽ አላለም። አንዲት ልጅ በስልኳ ባትቀርጸው ኖሮ ፋይሉ ላይ የሚቀረው ይኸው ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ሪፖርት ፖሊሱ ደረቱ ላይ ከሚያደርገው ካሜራ ቪዲዮ ጋር ይያያዝ፤ የሚያጣራውም ከፖሊስ ውጭ ያለ አካል ይሁን። መረጃ የማይልክ መሥሪያ ቤት ደግሞ የፌዴራል ድጎማው ይቀነስበት።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾችም በየካውንቲያችን ምክር ቤት ስብሰባ እየተገኘን ፖሊሳችን መረጃውን ይልክ እንደሆነ እንጠይቅ።

አንድ አንባቢ፣ ከሜሪላንድ