ጂአርኢ ሲቀር እኩል ሆናችሁ ላላችሁን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው እሑድ ስለ አሜሪካ የሳይንስ ፒኤችዲ ያወጣችሁትን ዘገባ በዲፓርትመንታችን ያላነበበ የለም። በቴሌግራም የላኩልኝ ሰዎች ብዛት ስንቶቻችን ለመሄድ እንደምንመኝ አሳይቶኛል። ብዙው ነገር ትክክል ነው። በሳይንስ ፒኤችዲ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፤ ተማሪው ረዳት መምህር ወይም ረዳት ተመራማሪ ሆኖ የወር ተከፋይ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነውና መጻፋችሁ ደግ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጂአርኢ የተባለው ፈተና በመቅረቱ ኢትዮጵያውያን አመልካቾች ከማንም እኩል ሆነዋል፤ ከእንግዲህ የሚያስፈልገው ትጋት ብቻ ነው።»

እሰይ! እኩል ሆነናል ለካ፤ የነገረን ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ።

በመጀመሪያ፣ ለአሜሪካ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ለማመልከት የሚወሰደው ይህ ፈተና በሁሉም ቦታ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ የፈተና ጣቢያዎችን ሲያዘጋ ብዙ ዲፓርትመንቶች ተዉት። ከዚያ ወዲህ ጨርሶ የማይቀበሉት አሉ፣ «ከፈለጋችሁ ላኩ» የሚሉ አሉ፣ የሚጠይቁም አሉ። የፊዚክሱ ልዩ የጂአርኢ ፈተና ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። «ከፈለጋችሁ» በተባለበት ቦታ አንዱ አመልካች ከ990 ውስጥ 990 አምጥቶ ሲልክ፣ ያልላከው ሰው ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም። ዘጋቢያችሁ የአንድ ዲፓርትመንት ድረ ገጽ ከፍቶ ቢያነብ ኖሮ ይህን ያገኘው ነበር።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። አሜሪካኖቹ ፈተናውን ሲቃወሙ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፦ ማን ፒኤችዲውን እንደሚጨርስ በደንብ አይተነብይም፣ ሴቶችንና ጥቁር አሜሪካውያንን ያገላል የሚል። ለአገራቸው ልክ ሊሆን ይችላል፤ አልከራከርም። ግን ፈተናው ሲነሳ ተማሪ የሚመርጠው ኮሚቴ ማኅደራችንን በምን ይመዝናል? በተማርንበት ዩኒቨርሲቲ ስም፣ በድጋፍ ደብዳቤና በምርምር ልምድ ነዋ! እስቲ ሦስቱን ወደ እኛ አምጧቸው።

እኔ ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የመጀመሪያ ዲግሪዬንም የሠራሁት በክልል ነው። በአገሪቱ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በዘገባችሁ የተናገሩት ሦስቱም ወጣቶች ግን አዲስ አበባ ያደጉ፣ አዲስ አበባ የተማሩ ናቸው። እግዚአብሔር ይርዳቸው፣ ቅናት የለኝም። የእኔን ዩኒቨርሲቲ ስም ግን እዚህ አገር ያለ ሰው እንኳ «የት ነው እሱ?» ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። የኮሎራዶ ፕሮፌሰር ከየት ያውቀዋል? ከዚያ ግቢ የመጣ ልጅ ካልኩለስ መቻሉን ለማያውቀው ሰው ማሳየት የሚችልበት አንድ ቁጥር ነበረው። እሱን ነው ተነሳላችሁ ብላችሁ ያበሠራችሁን።

የምርምር ልምድ? አሜሪካዊው ተማሪ ገና በመጀመሪያ ዲግሪው ክረምቱን (በእነሱ በጋ ነው) አርኢዩ በተባለው ፕሮግራም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ፣ እየተከፈለው ምርምር ይሠራል። ገንዘቡ የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽናቸው ነው፤ የሚከፈለውም ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። እኛ ያን ጊዜ ኦሲሎስኮፕ የተባለውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ማሳያ መሣሪያ የተማርነው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተስሎ ነው። ሥዕሉ ቆንጆ እንደነበር አልክድም።

የድጋፍ ደብዳቤውማ አይነሳ። መምህሬን ስጠይቀው «አንተው ጽፈህ አምጣልኝ፣ እፈርማለሁ» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሚያስተምረው የተማሪ ብዛት ስሜን ማስታወሱን ራሱ ተአምር ያደርገዋል። ራሴን እንዴት አድርጌ ላወድስ? ሲስተሙ ደግሞ በተቋም ኢሜይል ላኩ ይላል፣ የእሱ ኢሜይል ጂሜይል ነው። በመጨረሻ ቅጹ ላይ «ይህ አመልካች ካስተማሯቸው ውስጥ ከላይ 5 በመቶ ነው? 10 በመቶ?» የሚለው ጋ ሲደርስ ከሁለቱም በታች ያለውን ሞላልኝና «ማጋነን ያስነቅፋል» አለኝ። እዚያ በኩል ሁሉም የሚጽፈው «በሙያ ዘመኔ ያላየሁት» እያለ ነው። ይህን የሚያስተካክል ትጋት ከየት ይገዛል?

ስለ ገንዘቡም አንድ ቃል አልጻፋችሁም። እኔ በ2016 ስፈተን ጂአርኢ 220 ዶላር፣ ዶላሩም በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ 12 ሺህ 540 ብር ማለት ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዶላሩ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የከፈለችልኝ ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህቴ ናት፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ እኔ ከየት አመጣለሁ? በሒሳብ ከ170ው 167 አገኘሁ። ከዚያ ካመለከትኩባቸው ውስጥ ገሚሶቹ ውጤት ብትልክም አናይም አሉ። ውጤቱ 5 ዓመት ይቆያል፣ የእህቴ ሪያል ግን አይመለስም። በዚያ ላይ ቶፍል የተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና አለ፣ እሱ ደግሞ በ2 ዓመቱ ይሞታል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ነው፣ ኢትዮጵያ ግን ከፈተናው ነፃ በሚሏቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ፈልጌ አላገኘኋትም። የየዩኒቨርሲቲው የማመልከቻ ክፍያ ለብቻው ነው፤ ከክፍያ ነፃ መሆን ይቻላል የሚለውን ገጽ ከፍታችሁ ወደ ታች ብታነቡት ብዙ ጊዜ «ለአሜሪካ ዜጎች» ይላል። ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ሲባል ደግሞ ሬጅስትራሩ «መጀመሪያ የኮስት ሼሪንግ ዕዳህን» ይላል። እሱን እንኳ ተዉት፤ ብዙዎቹ ለማመልከቻ ኦፊሴላዊ ያልሆነውን ይቀበላሉ፣ ዋናውን የሚጠይቁት ከተቀበሉ በኋላ ነው። ይህን ብትጽፉት ስንቱን ልጅ ከሬጅስትራር ደጃፍ ባዳናችሁት!

ፈተናው ይመለስ እያልኩ አይደለም፤ ውድነቱን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያልተስተካከለውን ተስተካክሏል አትበሉን ነው የምለው። እናንተ «ትጋት ብቻ» ስትሉ፣ ተቀባይነት ያላገኘ ሁሉ ሰነፍ ሆኖ ይቀራል። እናቴ ዘገባችሁን ጎረቤት አንብቦላት ደውላ «ለምን አትተጋም ልጄ?» ብላኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት ነው?

ስለዚህ «ቀርቷል» የሚለውን አርሙ፣ ክፍያዎቹን በብር አስልታችሁ አውጡ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከጋምቤላም ከወልድያም አንድ አመልካች አነጋግሩ። ስልክ የሚያነሳ እንደማይጠፋ አረጋግጥላችኋለሁ። የብዙዎቹ ፕሮግራሞች ማመልከቻ ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 6 ባለው ጊዜ ይዘጋልና እርማቱ ከዚያ በፊት ቢወጣ ይጠቅማል። ቦታ ከጠበባችሁ «ለስኬት የሚያበቁ አምስት ልማዶች» የሚለውን ሣጥን ማንሳት ትችላላችሁ።

የፊዚክስ መምህር፣ ከክልል